ስልኩ የግል፣ ድምፁ የጋራ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)

 

ከሒሳብ ክፍል ሰው ሲነሳ ሁላችሁም የምትጠብቁት የቁጠባ ድምር፣ ያልተመለሰ ብድርና የዓመቱ ትርፍ ነው። እሱ በታደለው ሪፖርት ውስጥ ስላለ ዛሬ ደግመን አናነበውም። የተሰጠችንን አጭር ጊዜ በመዝገባችን ውስጥ አምድ ለሌለው፣ ነገር ግን ገንዘባችንንም መተማመናችንንም ለሚነካ ጉዳይ ልናውላት ወደናል። ጉዳዩ ሰው መሀል ሆነን ስለምንጠቀምበት ስልክ ነው።

"ይሄ የጨዋነት ወሬ ነው፤ ሒሳብ ሠራተኞችን ምን አገባቸው?" የምትል አትጠፋም። ያገባናል። የራስ አገዝ ቡድን የሚቆመው በሕንፃ ወይም በካዝና አይደለም። ሴቶች በሰዓታቸው ተገናኝተው፣ ብራቸውን እያዩ አስቆጥረው፣ የቤታቸውን ጉዳት ሳይፈሩ ተነጋግረው ነው የሚቆመው። በእነዚህ ሦስቱ መሀል ስልክ ገብቷል። አንዳንዴ እየረዳን፣ አንዳንዴ እያናጋን።

ስልክ ለእኛ አካባቢ አዲስ ነገር አይደለም። በ1880ዎቹ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በአገራችን መጀመሪያ ከተዘረጉት ረጃጅም የስልክ መስመሮች አንዱ አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው ነው። ከዚያ በኋላ ግን ለብዙ አሥርት ዓመታት ስልክ የሚገኘው በመሥሪያ ቤት ነበር። ታላላቆቻችን ታስታውሳላችሁ፤ ከተማችን አሰበ ተፈሪ እየተባለች በምትጠራበት ጊዜ አዲስ አበባ ወይም ድሬዳዋ ለመደወል ወደ ቴሌ ይኬዳል። ቁጥሩ በወረቀት ተጽፎ ለሠራተኛዋ ይሰጣል። ወረፋ ይጠበቃል። ስም ሲጠራ ወደ ጠባቧ ክፍል ተገብቶ በሩ ይዘጋል። መስመሩ ስለሚቆራረጥ መጮኽ ነበር፤ ውጭ የተቀመጠውም ሰው አንድ ሁለት ቃል መስማቱ አይቀርም። ቢሆንም በር ነበረ። ሰው ገብቶ ይነጋገራል፣ ይወጣል፣ ሒሳቡን ከፍሎ ይሄዳል።

ተንቀሳቃሽ ስልክ በአገራችን በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀመረ። ወደ እኛ ከተሞች ደርሶ፣ ከዚያም ገጠር ወጥቶ በየሴቱ መቀነት ውስጥ እስኪገባ ጊዜ ወስዷል። መግባቱ መልካም ሆነ። ነገር ግን ስልኩ ከዚያች ጠባብ ክፍል ሲወጣ በሩን ይዞ አልወጣም። ዛሬ በገበያው፣ በባጃጁ፣ በመስጊዱና በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ በለቅሶ ቤት፣ በቁጠባ ስብሰባችንም ይጮኻል። ስልኩ የግላችን ነው፤ በገዛ ገንዘባችን የገዛነው፣ ካርድ የምንሞላው ነው። ድምፁ ግን ያጠገባችን ሰው ሁሉ ነው። የቀረውን በር መልሰን የምንሠራው እኛው ባለስልኮቹ ነን፤ ዛሬ ልናስረዳ የተነሳነው ይህንን ነው።

በመጀመሪያ ከስብሰባችን እንጀምር። የቡድን ስብሰባ እንዴት እንደሚካሄድ ለእንግዶቻችን በአጭሩ እንግለጽ። ሴቶቹ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። እያንዳንዷ የሳምንቱን ቁጠባ ታወጣለች፤ ገንዘብ ያዧ ትቀበላለች፤ ሌላዋ ሁሉም እያዩ ትቆጥራለች፤ ጸሐፊዋ በመዝገቡና በየአባሏ ደብተር ላይ ታሰፍራለች። ማንበብ የማትችል አባል መተማመኛዋ ዓይኗና ጆሮዋ ነው። ገንዘቡ ጮክ ተብሎ የሚቆጠረው ለእሷ ሲባል ነው። በቆጠራው መሀል ስልክ ሲጮኽ ቁጥሩ ይጠፋል፤ ቆጣሪዋ ከአንድ ትጀምራለች። ሁለተኛ ሲጮኽ ሴቶቹ እርስ በርስ ማውራት ይጀምራሉ። ሦስተኛ ሲጮኽ "በቃ ተይው፣ ልክ ነው" ይባላል። ለሒሳብ ሠራተኛ "በቃ ልክ ነው" ከሚል ቃል የበለጠ የሚያስፈራ የለም። በኋላ ብር ጎደለ ሲባል ሁሉም የሚያስታውሰው ማን እንደቆጠረች ነው፤ ስንት ጊዜ እንደተቋረጠች ማንም አያነሳውም።

ጊዜውንም እንቁጠረው። በአንድ ስብሰባ ላይ 20 ሴቶች ተቀምጠዋል እንበል። አንዷ ስልኳን አንስታ እዚያው ሦስት ደቂቃ ብታወራ፣ ሃያው ሁሉ ሦስት ሦስት ደቂቃ ጠበቁ። ሲባዛ 60 ደቂቃ ነው፤ አንድ ሙሉ ሰዓት የሴት ጊዜ ሄደ። አራት ስልክ ቢነሳ አራት ሰዓት ነው። በወር አራት ጊዜ ብንሰበሰብ 16 ሰዓት ይሆናል፤ ሁለት ሙሉ የሥራ ቀን። ይህ ወጪ በየትኛውም ደረሰኝ ላይ አይታይም። የሚከፈለው ግን ምጣድ ጥዳ በመጣችው፣ ሕፃን ለጎረቤት ሰጥታ በመጣችው፣ ከገበያ ቦታዋን ትታ በመጣችው ሴት ጊዜ ነው። አርፍዳ የመጣችውን አባል የምንቀጣት የሌሎችን ጊዜ ስለወሰደች ነው። ሚዛኑ ለስልክም ያው ነው።

ከቡድኖቻችን በአንዱ ያየነውን እንንገራችሁ። ስብሰባው ሲከፈት ሰፌድ መሀል ላይ ይቀመጣል። ሁሉም ስልኩን ድምፁን አጥፍታ እዚያ ታኖራለች። በዕድሜ ከፍ ያሉ አንዲት እናት አጠገቡ ይቀመጣሉ፤ የማን ስልክ እንደበራ አይተው፣ አስቸኳይ መሆን አለመሆኑን ባለቤቷን በዓይን ይጠይቃሉ። አስቸኳይ ከሆነ ወጥታ ታነሳለች፤ ካልሆነ በኋላ ትደውላለች። ቅጣት የለ፣ ቁጣ የለ። የዚያ ቡድን ገንዘብ በአንድ ቆጠራ ያልቃል።

ሁለተኛው ጉዳይ ምስጢር ነው። ላውድ አድርጎ ማውራት በአሁኑ ጊዜ በጣም ተለምዷል። ሁሉም ከባለጌነት አይደለም። የአንዳንዷ ስልክ የጆሮው ድምፅ ተበላሽቷል፣ ማሠሪያ ገንዘብ የለም። አንዳንዷ እጇ ሊጥ ውስጥ ነው። እናቶቻችን ደግሞ ጆሯቸው ይደክማል። ምክንያቱ ይገባናል። ችግሩ ከወዲያ ማዶ ያለችው ሴት ስንት ሰው እየሰማት እንደሆነ አለማወቋ ነው። ለአንዷ ጆሮ ብላ የተናገረችውን አሥር ጆሮ ይቀበላታል።

ከዚሁ የተነሳ የደረሰ ነገር አለ። ስምና ቀበሌ አንጠራም። ወደ ሂርና በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አንዲት የኮሚቴ አባል ላውድ አድርጋ ከሌላ የኮሚቴ አባል ጋር ትነጋገር ነበር። ከማዶ ያለችው የወሩን ብድር ያልከፈሉትን በስም እየጠራች ትዘረዝራለች። ከኋላ ወንበር የአንዷ ተበዳሪ የባሏ እህት ተቀምጣለች። መኪናው ሂርና ከመግባቱ በፊት ወሬው ቤት ገብቷል። ያቺ ሴት የተበደረችው ለልጅ ሕክምና ነበር፤ ባሏ እንዳይጨነቅ ለራሷ ይዛው ቆይታለች። በቤቷ የሆነውን እናንተ ታውቁታላችሁ። ከዚያ በኋላ ብድሯን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ከፍላ ከቡድኑ ወጣች። በመዝገባችን ላይ "በራሷ ፈቃድ የለቀቀች" ተብሎ ተጽፏል። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ አንድ ብርም አልጎደለም። የጎደለችው ሴትየዋ ናት።

አበው "የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም" ያሉት ስልክ ሳይኖር ነው። ስልክ ሲጨመርበት ወለምታው በአንድ ጊዜ አሥር ቤት ይገባል። የአገራችን ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 26 የሰውን የግል ሕይወት ሲጠብቅ በስልክ የሚደረግ ግንኙነትን በስም ጠቅሶ ነው። ያ ድንጋጌ ሁላችንም ለሰው የግል ጉዳይ ሊኖረን የሚገባውን ክብር ያሳየናል። ሚኒባስ ውስጥ የሚሆነውን ግን ሕግ አስከባሪ መጥቶ አይጠብቅልንም፤ የምንጠብቀው እኛ ነን። ነገሩም ቀላል ነው። ላውድ ማድረግ ግድ ከሆነ አስቀድሞ "ላውድ ላይ ነሽ፣ ሰዎች አብረውኝ አሉ" ማለት ነው። የምትደውለዋም ስለ ገንዘብ፣ ስለ ሕመም፣ ስለ ትዳር ከማንሳቷ በፊት "ሰው ጋ ነሽ? ይመችሻል?" ብላ ትጠይቅ። ከ"አካም ጅርታ" ቀጥሎ ይህችን አንድ ጥያቄ ብንጨምር ሰላምታችን አይረዝምም፤ ሰላምታማ ዱሮም ረጅም ነው።

ሦስተኛው በስልክ የሚንቀሳቀስ ገንዘብ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ኤም-ፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተጨመረ። ለእኛ ትልቅ እፎይታ ነው። ገንዘብ በጡት መያዣ ይዞ ከገጠር ጭሮ ድረስ መምጣት፣ መንገድ ላይ መፍራት ቀንሷል። ሆኖም ወኪሉ ሱቅ በር ላይ የሚታየው ነገር ያሳስበናል። ማንበብ የማትችል እናት ስልኳን ለሱቁ ልጅ ወይም ከኋላዋ ለተሰለፈ ወጣት ትሰጣለች። "ቁጥሩን ይንገሩኝ፣ ልጻፍልዎ" ይላታል። እሷም የምስጢር ቁጥሯን ሰልፉ ሁሉ እየሰማ ጮክ ብላ ትናገራለች። ልጁ ቅን ሊሆን ይችላል። ከኋላው የቆመው ግን ማን እንደሆነ አይታወቅም።

ፊደል ያልቆጠረች እናት ቁጥር ታውቃለች። የብር ኖት ትለያለች፣ የኪሎ ዋጋ ታሰላለች፣ ጎደለ ተረፈ ትላለች። ስለዚህ ምስጢር ቁጥሩን በገዛ ጣቷ እንድትነካ ማለማመድ እንችላለን፤ በየቡድኑ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። የሚረዳት ሰው ሌላውን ሁሉ ያድርግላት፤ የቁጥሩ ቦታ ሲደርስ ግን ስልኩን ለእሷ መልሶ ፊቱን ያዙር። የተሰለፍነውም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እንበል፣ ወደ ሌላ እንይ። ሰው ሲበላ አፉን ትኩር ብሎ ማየት ነውር አይደል? የሰውን ስልክ አንገት አስግጎ ማየትም እንዲሁ ነውር ይሁን። "ሽልማት ደርሶዎታል፣ ከባንክ ነው የምንደውለው፣ ቁጥርዎን ይንገሩን" የሚል ሰው ሌባ ነው። ምስጢር ቁጥራችሁን ለእኛ ለሒሳብ ክፍልም አትንገሩን፤ አያስፈልገንም።

አራተኛ፣ እስካሁን ያልነውን ሰምታችሁ "ስልክ ይዘጋ ነው የሚሉት" እንዳትሉን። መነሳት ያለበት ስልክ አለ። ከመሀላችን ብዙዎች ጫት ነጋዴዎች ናችሁ። የጫት ዋጋ ቅጠሉ እየጠወለገ በሄደ ቁጥር ይወርዳል፤ "መኪናው ደረሰ" የሚለው ጥሪ ካመለጠ የዚያ ቀን ልፋት ከሰረ። ይህች ሴት ስልኳን የምታነሳው ስብሰባውን ንቃ አይደለም። መፍትሔው በእሷ ላይ መቆጣት ሳይሆን የስብሰባውን ሰዓት ከገበያው ሰዓት ማራቅ ነው። ይህ የኮሚቴዎች ሥራ ነው።

ሌላዋን እናት ደግሞ አስቡ። ልጇ ሳዑዲ ዐረቢያ በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ስልክ የምታገኘው ቀጣሪዋ ሲተኙ ወይም ሲወጡ ነው። ኢሞው ሲጠራ እናቲቱ ስብሰባ ላይ ትሁን ጸሎት ላይ የምታውቅበት መንገድ የላትም። ያ ጥሪ ካለፈ ቀጣዩ መቼ እንደሆነ አይታወቅም። የዚህችን ልጅ ስልክ የሚያዘጋ ደንብ እኛ አንጽፍም። የምንለው ይህን ነው፤ ጥሪ የምትጠብቅ ሴት ገና ስትገባ "ስልክ እጠብቃለሁ" ትበል፣ በር አጠገብ ትቀመጥ፣ ሲጠራ ወጥታ የልቧን ታውራ። ስትመለስም ያመለጣትን አጠገቧ ያለችው ትንገራት። ማንም ፊቷን አያጥቁርባት።

ስለ ሚስኮልም አንድ ቃል እንበል። ካርድ የሌላት ሴት ሚስኮል ስታደርግ የሚያላግጡ አሉ። ሚስኮል የደሀ ደብዳቤ ነው። አንድ ጊዜ ጠርቶ ሲቋረጥ "ደርሻለሁ"፣ ሁለት ጊዜ ሲሆን "ነይ ውጪ" ተባብለው የተስማሙ ጓደኛሞች አሉ፤ ሳንቲም ሳያወጡ ይግባባሉ። ካርድ ያላት መልሳ ትደውል። ሚስኮል የምታደርገዋም አንዴ ከደወለች ትታገሥ፤ አሥር ጊዜ ደጋግማ ስትጠራ የሚሰግደውን ታውካለች፣ የተኛውን ሕፃን ትቀሰቅሳለች። "መልሰሽ ደውይልኝ" የሚለው የጽሑፍ መልእክት ድምፁ ስለሚያጥር እሱ ይሻላል።

አምስተኛው ከሁሉ የከበደው ነው። መርዶ ነው።

ወላጆቻችን መርዶ የሚነግሩበት ወግ ነበራቸው። ሐዘን የደረሰባት ሴት በሌሊት አይነገራትም፣ መንገድ ላይ አይነገራትም፣ ብቻዋን አይነገራትም። ዘመድና ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ማለዳ ከቤቷ ይደረሳል። ስትወድቅ የሚይዛት፣ ስትጮኽ አብሯት የሚጮኽ ሰው በዙሪያዋ ይቆማል። ወሬው እስኪዘገይ የሚጠበቀው ለዚህ ነበር። ሐዘንን ማስቀረት ባይቻል ብቻዋን እንዳትሸከመው ማድረግ ይቻላል ብለው ነው።

ስልክ ይህን ወግ በሁለት በኩል ነክቶታል። በአንድ በኩል በጣም ጠቅሞናል። በሙስሊም ቤተሰቦቻችን ሟች በዚያው ቀን ስለሚቀበር ስልክ ባይኖር ኖሮ በዴሳ ያለው ልጅ የጭሮውን አባቱን ቀብር አይደርስም ነበር። በሌላ በኩል ግን መርዶ ነጋሪው ስልክ ሆኗል። ገበያ መሀል የቆመች ሴት ስልኳን አንስታ የወንድሟን ሞት ትሰማለች፤ ቲማቲሟ እንደተዘረጋ ትወድቃለች። ከዚህም የባሰ አለ። ከአባላችን ልጆች አንዷ በስደት አገር ሆና የአያቷን ሞት ያወቀችው በፌስቡክ ነው። ቤተሰብ እንዴት እንንገራት ብሎ ገና ሲመካከር፣ አንድ የሰፈር ልጅ የአያቷን ፎቶ ከሻማ ምስል ጋር አድርጎ "ነፍስ ይማር" ብሎ ለጥፎታል። ልጁ ክፉ አላሰበም፤ ማዘኑን መግለጹ ነበር። እሷ ግን በሰው አገር፣ በሰው ወጥ ቤት ውስጥ፣ ሳህን እያጠበች አየችው። እንባዋን ጠርጋ ምሳ አቀረበች።

ስለዚህ ስልክ አይደወል አንልም። የሚደወለው ለማን እንደሆነ ግን እንምረጥ። በመጀመሪያ ለሐዘንተኛዋ ሳይሆን አጠገቧ ላለ ሰው ይደወል፤ ለጎረቤት፣ ለባል፣ ለሥራ ባልደረባ። ስደት ላይ ያለችም ብትሆን የአገሯ ልጅ፣ የምታውቃት ጓደኛ አትጠፋም። ያቺ ጓደኛ ትድረስላት፣ ካልቻለችም በስልክ አብራት ትቆይ። ቤተሰብ "ሁሉም ሰምቷል" እስኪል ድረስ ደግሞ ፎቶም፣ ሻማም፣ "ነፍስ ይማር"ም አይለጠፍ። በለቅሶ ቤትም ቢሆን ድንኳን ውስጥ ቲክቶክ እያዩ ፈገግ ማለት፣ የዘፈን መጥሪያ ማስጮኽ ሐዘንተኛን ያቆስላል። ወደ ለቅሶ ስንገባ ጫማ እንደምናስተካክለው ስልኩንም እናስተካክል።

ስድስተኛው ነጥባችን ለእኛም ለእንግዶቻችንም ነው፤ ስለ ፎቶ። ደጋፊዎቻችን የሰጣችሁት ገንዘብ የት እንደደረሰ ማየት ትፈልጋላችሁ፤ መብታችሁም ነው። ማስረጃ ስትጠይቁ ደረሰኝም፣ መዝገብም፣ ፎቶም እንሰጣለን። ነገር ግን አንዲት እናት ስለ ችግሯ እየተናገረች ድምፅዋ ሲሰበር አምስት ስልክ በአንድ ጊዜ ወደ ፊቷ ሲነሳ አይተናል። ያን ጊዜ ንግግሯን አቋርጣ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ምን ልትለን እንደነበር እስከ ዛሬ አናውቅም። ከመነሳቱ በፊት "እናቴ፣ ፎቶ ባነሳዎ ይፈቅዳሉ? የት እንደሚወጣ ልንገርዎ" ማለት ደቂቃ አይፈጅም። ካነሱ በኋላም ማሳየት ነው፤ ስታየው ደስ ካላት ደስታ ነው፣ ካልወደደችው ይጥፋ። የልጆች ፎቶ ከሆነ ወላጅ ይጠየቅ።

ይኸው ለእኛም ይሠራል። የብድር መዝገብ ገጽ በስልክ ፎቶ ተነስቶ በቴሌግራም ሲላክ አይተናል። ላኪዋ ሥራ ለማቅለል ብላ ነው። በዚያች አንዲት ገጽ ላይ ግን የሃያ ሴቶች ስም፣ ስልክ ቁጥርና ዕዳ አለ፤ አንዴ ከተላከ ማን ለማን እንደሚያሻግረው አይታወቅም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የሰውን መረጃ በጥንቃቄ መያዝ የሕግም ግዴታ ሆኗል። መዝገባችን ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ የምናስቀምጠው ለጌጥ አይደለም። ፎቶው ስልክ ውስጥ ካለ ሳጥኑ ክፍት ነው።

ውድ እህቶቻችን፣ ይህን ሁሉ ስናስብ አንድ ነገር ከብዶን ነበር። ታላቅን "ስልክዎን ይዝጉ" ማለት በእኛ አገር ጨዋነት አይደለም። ስልኩ አስነውሮ ሳለ ተናጋሪዋ ትነወራለች። ስለዚህ አነጋገሩንም ተመካክረንበታል። "እማማ፣ ወጣ ብለው በደንብ ይነጋገሩ፤ እኛ እንጠብቅዎታለን" ብንል እሳቸውም አይከፉም፣ ስብሰባውም አይታወክም። ልጆቻችንም እንዲህ ብለው ሊነግሩን ይገባል፤ እኛም ስንነገር "ምን አገባሽ" ማለቱን እንተው።

ለጉባኤው የምናቀርበው የውሳኔ ሐሳብ አጭር ነው። አንደኛ፣ በየቡድኑ ስብሰባ ገንዘብ ተቆጥሮ እስኪያልቅ ስልክ ድምፁ ጠፍቶ ሰፌድ ላይ ይቀመጥ፤ አስቸኳይ ጥሪ የምትጠብቅ አስቀድማ ትናገርና በር አጠገብ ትቀመጥ። ሁለተኛ፣ የአባል ስም፣ ብድርና ቁጠባ በሕዝብ መሀል በስልክ አይነሳ፤ የኮሚቴ አባላት በዚህ ላይ ቃል ይግቡ። ሦስተኛ፣ የመዝገብ ፎቶ አይላክ፤ የአባል ፎቶም ሳትጠየቅ አይነሳ። አራተኛ፣ በሚቀጥሉት ሦስት ወራት እያንዳንዱ ቡድን ማንበብ የማይችሉ አባላቱን ምስጢር ቁጥራቸውን በራሳቸው ጣት እንዲያስገቡ ያለማምድ፤ የሒሳብ ክፍል መጥቶ ያግዛል። አምስተኛ፣ በማኅበራችን ውስጥ ሐዘን ሲደርስ መርዶው በማን፣ መቼ፣ እንዴት እንደሚነገር የሚወስኑ ሁለት እናቶች በየቡድኑ ይመረጡ።

ለእነዚህ ማስፈጸሚያ በጀት አልጠየቅንም። ሰፌድ በየቤታችን አለ።

"ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ይባላል። የሃያ ሴቶችን ስልክ አንዲት ሰብሳቢ ብቻዋን ዝም ማሰኘት አትችልም። እያንዳንዳችን አንዷን፣ የራሳችንን ብቻ፣ እንጠብቃት። የውሳኔ ሐሳቦቹ ላይ እንድትወያዩና ድምፅ እንድትሰጡ በትሕትና እንጠይቃለን።